የጤና መድን ለሁሉም፦ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች፣ በያላችሁበት። አንድ ጥያቄ ላንሳ። ሀብታም ድሃ ሳይባል የታመመ ሁሉ ኪሱን ሳይዳብስ የሚታከምበት ሥርዓት በእውነት ይሠራል? እንደኛ ባለ አገርስ?

እኔ ይሠራል ባይ ነኝ። ችግሩ እኛ ጋ ግማሹ ብቻ መሠራቱ ነው። ገበሬው ያዋጣል። የጉሊቷ ቸርቻሪ ታዋጣለች። በወር ደመወዝ የሚተዳደረው ግን የለበትም። እኔ ደሴ የማስተምር ሰው ነኝ። ኩታበር ያለችው እናቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት፤ እኔ ብታመም ግን የሚከፍለው ኪሴ ነው። ደመወዝተኛው ሁሉ ውጭ ቆሞ መድኑ አልሠራም ማለቱ ልክ አይመስለኝም። ሁለተኛው ችግር መድኃኒት ነው። እስኪ ሐሳባችሁን ጻፉ። የደረሰባችሁንም ተናገሩ፤ የሰውና የተቋም ስም ግን አታንሱ።

(መልሱ ስለበዛ፣ አዲስ የምትገቡ እንዳትቸገሩ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። ቃል በቃል አይደለም፣ ፍሬ ነገሩን ነው። የራሴንም አስተያየት እዚያው ጣል አድርጌያለሁ።)

መልሶቹ

1ኛው መልስ የሸዋ በር ጡረተኛ አባት ነው። የድሮውን የነፃ ሕክምና ደብዳቤ አስታወሱን። ያኔ ችግረኛ ሰው ቀበሌ ሄዶ ድህነቱን ማስመስከር ነበረበት። ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ ካርድ ክፍል ላይ ፊት ይነሱታል። አሁን የድሃ ድሃ የተባለው መዋጮው በመንግሥት ይሸፈንለታል፤ የሚሰለፈውም ከጎረቤቱ ጋር እኩል ነው። ለእሳቸው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ለእኔም። ስለ ጤና መድን ባወራን ቁጥር ስለ ብር ብቻ እናወራለን። ሰው አንገቱን ሳይሰብር መታከሙ ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

2ኛው አጭር ነው። ነገሩ ገና የትናንት ስለሆነ ለመፍረድ ጊዜው አልደረሰም ይላል።

3ኛዋ ይህንን አረመችው። የሐይቅ ሴት ናት። መድኑ በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ላይ ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና የእሷው ተሁለደሬ እንደነበሩ አስታወሰች። ስለዚህ ወሎ የመጣው በወሬ አይደለም፤ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነን። አባቷ ያኔ አሻፈረኝ ብለው ነበር። ላልመጣ በሽታ መክፈል በራስ ላይ ማሟረት መስሏቸው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሲመዘገብ እያጉረመረሙ ገቡ። ከዓመታት በኋላ ሄርኒያ ቀዶ ሕክምና አስፈለጋቸው፤ ከኪሳቸው ያወጡት የመኪናና የአስታማሚ ቀለብ ብቻ ሆነ። ልጅቷ አንድ ነገር ጨመረች፣ እኔም የምደግፈው ነው። ያኔ መድኑ ባይኖር አባቷ በሬ አይሸጡም ነበር። ሕመሙን ችለው ይቀመጡ ነበር። ገጠር ውስጥ ድህነት ማለት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ አለመታከም። በሬ የሸጠውን እንቆጥራለን፤ ሳይታከም የቀረውን የሚቆጥር የለም።

4ኛው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ወጣት ነው። እዚህ ጋ ነገሩ ተሟሟቀ። እኔ የደመወዝተኛ መድን ይጀመር ማለቴ አናዶታል። ሕጉን ጠቅሶ ነው የመጣው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ማሽን ጣቱን ቢቆርጠው አሠሪው ያሳክማል። ታይፎይድ ቢይዘው ግን ራሱ ነው። ያም ሆኖ ተጨማሪ ቅናሽ አይፈልግም። የቤት ኪራይ፣ የምግብ፣ ለቤተሰብ የሚላከው ሲቀነስ የሚተርፍ የለም። መምህር ሆኖ በሰው ደመወዝ ላይ መወሰን ቀላል ነው ብሎ ጎነጠኝ።

ላላወቃችሁ፣ እሱ የሚለው ቅናሽ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ነው። ሐሳቡ ከደመወዙ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር። ሠራተኛው ተቃወመ፣ የሚጀመርበት ጊዜ ለዓመታት ሲገፋ ሲገፋ ኖረ።

5ኛው መልስ የሰጠው ለፓርኩ ልጅ ነው። የጀርመን ታሪክ ይዞ መጣ። ዓለም ላይ በሕግ የተደነገገ አገር አቀፍ የጤና መድን የተጀመረው በጀርመኑ መራሔ መንግሥት በቢስማርክ ዘመን በ1883 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተጀመረውም ለፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ሠራተኛው ሁለት ሦስተኛውን፣ አሠሪው አንድ ሦስተኛውን ይከፍሉ ነበር። ያኔ የጀርመን ወዛደርም የተረፈው ደመወዝ አልነበረውም። እንዲያውም መድን የሚያስፈልገው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው፤ አንድ ሳምንት ቢተኛ ቤቱ የሚናጋበት እሱ ስለሆነ።

6ኛው የልጁ መልስ ነው፣ አንድ መስመር። ጀርመናዊው ከፍሎ ፋርማሲ ሲሄድ መድኃኒቱን ያገኛል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ከ7 እስከ 10 ሁሉም የመድኃኒት ናቸው። በትዕግሥት አንብቧቸው፤ የክሩ (የዚህ ውይይት) ፍሬ ያለው እዚያ ነው። የቧንቧ ውሃ እናት የደም ግፊት መድኃኒቷን በየወሩ ልትወስድ ትሄዳለች። ምርመራው በመድን ነው፣ ካርዱ በመድን ነው፣ ማዘዣው ላይ ስትደርስ መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ግዙ። ሌላው የስኳር ታማሚ አባት ያለው ነው። ኢንሱሊኑ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም፤ ሲጠፋ ከግል ፋርማሲ የሚገዛበት ዋጋ የዓመቱን መዋጮ የሚፎካከር ነው። 9ኛው ከቃሉ ገጠር የመጣ ገበሬ ታሪክ ነው፣ የጻፈው ልጁ። ገበሬው ከቤቱ ወጥቶ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ በሪፈር ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ግል ላቦራቶሪ፣ ከዚያ ወደ ግል ፋርማሲ ሄደ። በመጨረሻ በእጁ የቀረው የመድን መታወቂያውና የመኪና መሳፈሪያው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አላደሰም። ማነው የሚወቅሰው?

እኔ እዚህ ላይ የምለው አለኝ። ዓለም አቀፍ ክርክሩ ሁሉ መንግሥት ይክፈል ወይስ ግለሰብ ይክፈል የሚል ነው። ደሴ ላይ ግን ሰው የሚሸሸው የመድኃኒት መደርደሪያው ባዶ ስለሆነ ነው። መድን ማለት ቃል ነው። ሰውዬው መዋጮውን ከፍሎ ከራሱ በኩል ያለውን ቃል ጠብቋል። ጤነኛው ሰው ማደስ ሲተው ደግሞ የሚቀሩት ሕመምተኞች ብቻ ይሆናሉ። ገቢው ይቀንሳል፣ ወጪው ይጨምራል፣ መድኃኒቱ ይብስ ይጠፋል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ይወጣል። የሚሰብረን ይሄ አዙሪት ነው።

11ኛዋ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት። መድኃኒት ለምን እንደሚጠፋ አስረዳችን። ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም መድኃኒት የሚገዛው በዋናነት ከመንግሥት መድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት ነው፤ ደሴም ቅርንጫፍ አለው። ግዢው ግን በነፃ አይደለም፣ ተቋሙ በተዘዋዋሪ ገንዘቡ (መድኃኒት ሸጦ አግኝቶ መልሶ በሚገዛበት ብር) ይገዛል። የመድን አባል ሲታከም ተቋሙ በዱቤ ነው የሚያክመው፤ ሒሳቡን በኋላ ከመድኑ ይጠይቃል። ተመላሹ ሲዘገይ የሚገዛበት ብር የለውም። ብር ሲኖር ደግሞ ዋናው መጋዘን ውስጥ ዕቃው የማይኖርበት ጊዜ አለ፣ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ሁለት ቦታ የተበጠሰ ገመድ ነው፤ አንዱን ብቻ መቀጠል አያዋጣም። እንዲህ ያለ መልስ ነው የምፈልገው። ማንንም አልተሳደበችም፣ ማንንም አልሸፈነችም።

12ኛው ግን ይህን ሁሉ አንብቦ በአንድ አፍ ሰደበን። የጤና ባለሙያ በሙሉ መድኃኒቱን ለግል ፋርማሲ እየሸጠ ነው ባይ ነው። ማስረጃ የለውም፣ የሰማው ነው።

13ኛዋ ነርስ ናት፤ ስትመልስ ለስላሳ አልነበረችም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የደሴ ሆስፒታል መዘረፉን፣ አልጋና የላቦራቶሪ ዕቃ ሳይቀር መወሰዱን አስታወሰችው። ከተማዋ ከተመለሰች በኋላ በባዶ ክፍል ሥራ የጀመሩት አሁን ሌባ የሚላቸው ሰዎች መሆናቸውን ነገረችው። ጓንት በሌለበት ያዋለደች ሴት እንደሆነች ጻፈች። ሌባ ካለ ስሙን ይዞ ወደ ሕግ እንዲሄድ፣ ካልሆነ አፉን እንዲሰበስብ ነገረችው። 12ኛው ሁለት ጊዜ መለሰላት፣ ሁለቱም ተሰርዘዋል፤ ቁጥራቸው 14 እና 15 ነበር። 16ኛው ሸዋ በር ያሉት አባት ናቸው፣ ሁለቱንም ልጆቼ እያሉ ገላገሉ።

17ኛው ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። እናቱን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሞራ አስወጥቶላቸው ነው። ሕክምናው በመድን ሆነ፣ በጣምም አመስግኗል። መነጽር ግን መድኑ አይሸፍንም። አርቴፊሻል ጥርስና የውበት ሕክምናም እንደዚያው። የውበቱ ይቅር፣ ለአሮጊት መነጽር ምን ቅንጦት አለው ብሎ ጠየቀ።

ለዚህ መልስ የመጣው ከለንደን ነው፣ 18ኛው። የደሴ ልጅ ነው፣ ሆጤ ነው የተማረው። እንግሊዝም በዚሁ ጉዳይ ተጣልታለች። ብሔራዊ የጤና አገልግሎታቸው ሐምሌ 5 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. ሲጀመር መነጽርም ጥርስም በነፃ ነበር። ሕዝቡ ተግተለተለ፣ ወጪው ከታሰበው በላይ ሄደ። በ1951 መንግሥት ለመነጽርና ለጥርስ ክፍያ ሊጥል ሲወስን አገልግሎቱን የመሠረተው ሚኒስትር አኑሪን ቤቨን ሥልጣኑን ለቀቀ። እስከ ዛሬም እንግሊዝ ውስጥ የመድኃኒት ማዘዣ ላይ ክፍያ አለ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ውስጥ ደግሞ የለም። ስለዚህ ይሄ ይሸፈን ያ አይሸፈን የሚለው ክርክር በየትም አገር ያለ ነው፤ የእኛ ብቻ ውድቀት አድርገን አንየው። ወረፋውንም አልደበቀም። በ2023 እንግሊዝ ውስጥ ቀጠሮ የሚጠብቀው ከ7 ሚሊዮን በላይ ነበር። እሱ ራሱ ለጉልበቱ ወራት ጠብቋል። ያም ሆኖ ለሕክምና ብሎ ቤቱን የሸጠ ጎረቤት አያውቅም።

19ኛው ከቨርጂኒያ ነው። ወረፋውን ሲሰማ ደስ አለው። የመንግሥት ሕክምና እዚህም እዚያም ወረፋ ነው፤ አሜሪካ ጥሩ ሐኪም ያለው ውድድር ስላለ ነው፤ ኢትዮጵያም የግል ሆስፒታሎችን ብታበረታታ ይሻላል ብሎ ረዘም አድርጎ ጻፈ። ስለ ግል ሆስፒታሎች ያለው ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፤ ደሴ ላይ የግል ክሊኒኮች ባይኖሩ ኖሮ ወረፋው ይብስ ነበር። 20ኛዋ ግን አልማረችውም። ያን ያህል ጥሩ ከሆነ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ለምን መድን የለውም? የእኛው ልጆችስ እዚያ ሲታመሙ ለምን በኢንተርኔት ገንዘብ ይሰበሰብላቸዋል? አሜሪካም ብትሆን ለኩላሊት ሕመምተኛ ይህን ውድድር አላመነችም፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የዲያሊሲሱን (የኩላሊት እጥበቱን) ወጪ ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት መድን በኩል መንግሥት እንዲሸፍን አድርጋለች።

ዲያሊሲስ ሲነሳ 21ኛው ዝም አላለም። የሠፈሩ ልጅ ኩላሊቱ ደክሞ፣ ወጣቶች ፒያሳ ላይ ፎቶውን በባነር አሠርተው ሳጥን ይዘው ቆሙ። የመጀመሪያው ወር ብዙ ተሰበሰበ። ቀጥሎ ቀነሰ። ዲያሊሲስ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ዕድሜ ልክ ነው፤ የሰው እጅ ደግሞ ይዝላል። ልጁ አርፏል፣ ነፍስ ይማር። ወሎዬ ለጋስ አይደለም እንዳትሉ፤ ልግስና ለአንድ ቀን ችግር ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለ በሽታ ሥርዓት ይፈልጋል።

22ኛው ቅሬን (የወሎን እድር) አነሳ። ቅሬያችን ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል የሚሠራው ማንም ከእሱ ውጭ ስለማይቀር ነው። ሀብታሙም ይከፍላል፣ ድሃውም ይከፍላል፣ ሞት ደግሞ ማንንም አይምርም። መድኑም እንደዚያ ካልሆነ አይጸናም። 23ኛው ተቃወመ፣ ደግሞም በደንብ ነው የተቃወመው። የቅሬውን ገንዘብ ያዥ ያውቀዋል፣ ቢበላ ቤቱ ሄዶ ይጠይቀዋል። የመድኑን ሒሳብ ግን ማን እንደሚይዘው አያውቅም። እውነት አለው። የመድኑ አባላት ጠቅላላ ጉባኤ አላቸው፤ ስንቱ አባል ያውቀዋል?

24ኛው ሩዋንዳን አመጣ። ድሃ አገር ናት፣ ጦርነትና እልቂት ያየች ናት፣ ግን ከሕዝቧ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነውን በማኅበረሰብ መድን ውስጥ አስገብታለች። አባልነት በሕግ ግዴታ ነው፣ መዋጮውም እንደ ቤተሰቡ አቅም ይለያያል፣ የመጨረሻው ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል። 25ኛው ግዴታ የምትለዋን ሲያይ ተቆጣ። እሱ የሚኖርበት ቀበሌ መድን ካልከፈልክ ጉዳይህን አንፈጽምም ብሎት ያውቃል፣ መታወቂያ ሊያሳድስ ሄዶ። በዚያ ቀን የከፈለው ለመታወቂያው እንጂ ለጤናው አልነበረም። 26ኛውም 27ኛውም ተመሳሳይ ነገር ጻፉ።

ይህ ጉዳይ ከባድ ነው። እኔ ግዴታ መሆኑን እደግፋለሁ፣ ያለዚያ ጤነኛውና ባለገንዘቡ አይገቡም። ግን ግዴታ በሕግ ይጻፍ፣ ሁሉንም ይንካ፣ ከእኔ ደመወዝም ይቆረጥ። መታወቂያ ማስያዣ አድርጎ ሰው ማስጨነቅ መድኑን ያስጠላል። ግብር የምንከፍለው ጉዳያችን ተይዞ አይደለም።

28ኛው መዋጮ ለምን ይኖራል ብሎ ከሥሩ ጠየቀ። ታይላንድ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምራ መድን ያልነበረውን ሰው በጠቅላላ ግብር ነው ያስገባችው፤ ታካሚው በአንድ ጉብኝት የሚከፍለው 30 ባት ብቻ ነበር። እኛም እኮ ይህን እናውቀዋለን። ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና፣ በጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ነው፤ ለእነዚህ ማንም መዋጮ አልተጠየቀም። 29ኛዋ ታዲያ ብሩ ከየት ይምጣ አለች። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ተስማምተው ነበር። አብዛኞቹ እዚያ አልደረሱም። የእኛ ሰው ደግሞ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶ የሚጠጋውን አሁንም ከኪሱ ነው የሚያወጣው። ታዲያ ብሩ እየወጣ ነው፤ የሚወጣው ግን ሰው በታመመበት ቀን፣ በጨነቀው ሰዓት ነው።

ከ30 እስከ 34 ያሉትን ዝለሏቸው። አንዱ የሐረጎ መንገድ ላይ አምቡላንስ በከባድ መኪና ወረፋ መያዙን አነሳ፣ ተገቢ ነው፣ ግን ሌላ ክር ይፈልጋል። ከዚያ የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት የቱ ያሳምማል የሚል ጭቅጭቅ ሆነ። አንዱ የስኳር መድኃኒት ከሥር ቀምሜ እሸጣለሁ ብሎ ስልክ ለጠፈ፣ አስጠፍቼዋለሁ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች በእንዲህ ያለ ማስታወቂያ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ፣ እለምናችኋለሁ።

35ኛዋ የኮምቦልቻ እናት ናት፣ ጥያቄ አላት። ልጇን በቀጥታ ደሴ ሆስፒታል ብትወስደው መድኑ ይሸፍናል ወይ ብላ ነው። ፋርማሲስቷ መለሰችላት። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የሪፈር ወረቀት። ያለ ሪፈር ከሄዱ መድኑ ወጪውን በሙሉ አይሸፍንም። ድንገተኛ ከሆነ ግን ወረቀት ስትፈልጊ ልጁን እንዳታቆዪው፣ ቀጥታ ሂጂ አለቻት።

37ኛው የፓርኩ ልጅ ነው፣ ተመልሶ መጣ። አሁን ረጋ ብሏል። አሠሪው 3 በመቶውን በእውነት ከከፈለ፣ በየወሩም ያለውና የሌለው መድኃኒት ዝርዝር ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የእሱን 3 በመቶ እንደሚከፍል ጻፈ። ያለዚያ አልከፍልም አለ። እኔም በዚህ ቅድመ ሁኔታ ነው የምከፍለው፣ ወንድሜ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

38ኛዋ የሐይቋ ሴት ናት። በወረዳዋ የመድን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተወካይ ሆና እንደምትገባ ነግራናለች። የዝርዝሩን ሐሳብ ወስዳ ልታነሳው ነው። ስለዚህ ውጭ ግዙ የተባላችሁ ሰዎች፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ወሩንና የከፈላችሁትን ብር ከዚህ በታች ጻፉ። የተቋም ስም አይጻፍ። ደረሰኝ ያላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ስማችሁን ሸፍናችሁ ለጥፉ። እኔ በየመድኃኒቱ ለይቼ በሠንጠረዥ አዘጋጅላታለሁ።